አልከደን ያለው ዓይኔና የእህቴ ኮሚክ

መጀመሪያ የከዳኝ ከንፈሬ ነው። ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ ስጉመጠመጥ ውኃው በግራ በኩል አምልጦኝ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። እንቅልፍ ያልለቀቀኝ መስሎኝ ደገምኩት። እንደገና ፈሰሰ። መስተዋት አየሁ። የፊቴ ቀኝ ጎን እኔ ነኝ። ግራው ወርዷል። ዓይኔን ልጨፍን ብል ቀኙ ተከደነ፤ ግራው ፈጦ ቀረ።

ያኔ ከታናሽ እህቴ ከሕይወት ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖር ነበር። ሥራዬ ቃሊቲ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጦ ባለጉዳይ ማስተናገድ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ፊቴን ነው።

ለነገሩ ስለ ፊት ቀድሞም እንከራከር ነበር። ሁለታችንም ዌብኮሚክ እንወዳለን፤ በኢንተርኔት ክፍል በክፍል የሚወጣውን፣ በስልክ ወደ ታች እየገፉ የሚያነቡትን የሥዕል ታሪክ ማለቴ ነው። ምርጫችን ግን ለየቅል ነው። የእኔ ተወዳጅ በአንዲት ተራራማ ከተማ ስለምትኖር፣ ባሏ ስለሞተባት ልብስ ሰፊ የሚተርከው ነበር። ዝናብ ይዘንባል፣ ሴትየዋ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች፣ ክፍሉ አለቀ። ፊቷ ሁለት ነጥብና አንዲት አጭር መስመር ብቻ ነው። ያቺን መስመር እንዴት እንደምወዳት! ሰው ሲጮኽብኝ ውሎ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ስመለስ፣ ፊቷን የማትለዋውጥ ሴት ማየት ያሳርፈኛል። ሕይወት ደግሞ የአንድ ጯሂ ምግብ አብሳይ አድናቂ ናት። ምግብ ባረረበት ቁጥር ዓይኑ ይጎለጎላል፣ መንጋጋው ወለል ላይ ይወድቃል፣ ጉንጩ እንደ ፊኛ ይነፋል። “የሕፃን ነገር” እላታለሁ። “ያንቺ ደግሞ የሬሳ” ትለኛለች።

ሕይወት አቃቂ ለምትኖረው እናታችን ደወለች። እማዬ መጥታ ገና ከበር ስታየኝ ፈረደች፤ “ምች ነው።” ዳማ ከሴ አሽታ አሸተተችኝ፣ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ሸፋፍና አስተኛችኝ። በማግስቱም እንደዚያው። በሰፈራችን ፊቱ የተጣመመ ሰው ሁሉ የሚደረግለት ይኸው ስለሆነ እኔም አልተቃወምኩም። በሦስተኛው ቀን ሳሪስ አቦ ጸበል ልትወስደኝ ስትነሳ ሕይወት በሩ ላይ ቆመች። “መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ጸበል። ሁለቱም ባንድ ቀን ይደርሳል።”

ሐኪሙ ብዙ አላወራም።

“ቅንድብሽን አንሺ።”

ቀኙ ተነሳ።

“ጥርስሽን አሳዪኝ።”

ግማሹ ታየ።

“እጆችሽን ዘርጊ።”

ሁለቱም እኩል ቆሙ።

“ስትሮክ አይመስለኝም። ስትሮክ ብዙ ጊዜ ግንባርን አይነካም፤ ያንቺ ግን ግንባርሽም ተኝቷል። ቤልስ ፓልሲ ይባላል፤ የፊት ነርቭ ሲያብጥ የሚመጣ ነው።”

“ይመለሳል?” አልኩት። አፌ ተንሻፎ ቃሉ ተጣሞ ወጣ።

“ለብዙ ሰው ይመለሳል። ላንቺ ምን ያህል እንደሚመለስ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም። መድኃኒቱን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ።” እብጠት የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎንና ሰው ሠራሽ እንባ ጻፈልኝ። “ከፊትሽ ይልቅ ዓይንሽ ያሰጋኛል። ካልተከደነ የዓይንሽ የፊት ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ ደርቆ ይቆስላል።”

ቀጥሎ ያለውን ማስታወስ ያደክመኛል። ምግብ በግራ ጉንጬ ይቀራል። በጣቴ አወጣዋለሁ። ሻይ በስትሮ እጠጣለሁ። ማታ ማታ ሕይወት ዓይኔን በፕላስተር ትዘጋልኛለች። ፕላስተሩ ይለቃል። ዓይኔ ይቃጠላል። ተከደን እለዋለሁ። አይከደንም። ሥራ ስመለስ አንድ ባለጉዳይ “ታሾፊብኛለሽ እንዴ?” አለኝ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።

የምወደውን ኮሚክ ከፈትኩ። ሁለት ነጥብ፣ አንድ መስመር። የእህቴ “የሬሳ” ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። ብዙም ሳይቆይ የሞባይል ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ስለተዘጋ፣ ብፈልግም የማላገኘው ሆነ። የሕይወት ምግብ አብሳይ ግን አልጠፋም፤ የሚያስቋትን ሥዕሎች ሁሉ ስልኳ ላይ አስቀምጣ ኖሯል።

ሐኪሙ የላከኝ ፊዚዮቴራፒስት መስተዋት ፊት የምሠራው እንቅስቃሴ አዘዘችልኝ፤ ቅንድብ ማንሳት፣ አፍንጫ መሸብሸብ፣ ጉንጭ መንፋት። “አታስገድጂው” አለችኝ። “ከታገልሽው ነርቩ መንገድ ይስታል፤ አፍሽ ሲንቀሳቀስ ዓይንሽ አብሮ ይከደናል።” እኔ ግን መስተዋት ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ያኔ ሕይወት በመስተዋቱ ቦታ ስልኳን አቆመችልኝ። የምግብ አብሳዩን ፊት ታሳየኛለች፣ ቀድማ ታደርገዋለች፣ ከዚያ የእኔ ተራ ነው። በኔ በኩል ምንም የለም። ስንት ሳምንት ምንም! እሷ ግን ከሥራ ደክማ ገብታም አንድ ቀን አትዘልም።

አንድ ቅዳሜ ዓሣ ያረረበትን ክፍል ስንሠራ እማዬ ሳታንኳኳ ገባች። ሕይወት ዓይኗን አፍጥጣ፣ መንጋጋዋን ወደ አንድ ጎን አጣማ፣ ጉንጯን ነፍታለች። የእማዬ ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። “ወይኔ! ይቺንም መታብኝ!” ብላ ዳማ ከሴ ፍለጋ ወደ ደረጃው ስትሮጥ፣ ሕይወት እንደዚያው እንደተነፋች ተከተለቻት። ሳቅኩ። ምራቄ እየተዝረከረከ ሳቅኩ። ሕይወት እማዬን እየጎተተች ስትመለስ አየችኝና ቀጥ አለች።

“ከንፈርሽ” አለች። “ግራው።”

ዳር ላይ፣ ጥቂት፣ ተንቀሳቅሶ ነበር። እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም እህቴን አቅፌ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና አሰልቺ ደስታ ነው። መጀመሪያ ሻዩን ያለ ስትሮ መጠጣት ቻልኩ፣ ሰንበት ብሎም ማታ ፕላስተሩን ለመለጠፍ የመጣችው ሕይወት ዓይኔን ተከድኖ አገኘችውና እንዳትቀሰቅሰኝ በእግር ጣቷ ተራምዳ ወጣች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ወደ ልብስ ሰፊዋም ተመለስኩ፤ አሁንም ከሁሉ የምወደው እሷኑ ነው፣ ያ ምግብ አብሳይም አሁንም የሕፃን ነገር ነው እላለሁ፤ ግን ሁለቱንም አነባለሁ።

ይህን የምታነቡት ፊታችሁ ወርዶባችሁ ከሆነ የምላችሁ ጥቂት ነው። ዳማ ከሴው ይቆይ፤ ስትሮክ አለመሆኑን ሐኪም እንዲያይላችሁ ዛሬውኑ ሂዱ፣ መድኃኒቱም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲጀመር ይሻላል። ዓይናችሁን አርጥቡ፣ ማታ ክደኑ። ፊታችሁን አታስገድዱት። መስተዋት ካስጠላችሁ ደግሞ ፊቱን ለእናንተ ብሎ የሚያጣምም ሰው አጠገባችሁ አድርጉ። ያን ሐኪም፣ ያቺን ፊዚዮቴራፒስት፣ ደንግጣ የሮጠችውን እናቴን አመሰግናለሁ። ሕይወትን ግን እንዴት እንደማመሰግናት እስከ ዛሬ አላወቅሁበትም።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ነርቩ መንገድ ስቷል። ታክሲ ውስጥ የምግብ አብሳዩን እያነበብኩ ስስቅ ግራ ዓይኔ ሳላዘው ይከደናል፣ አጠገቤ የተቀመጠውም የጠቀስኩት ይመስለዋል። ሐኪሙ ይህ በመርፌ ሊታከም እንደሚችል ነግሮኛል። ተውኩት። ያንን ዓይን ተከደን እያልኩ ስንት ሌሊት ለምኜዋለሁ።