ገድል መስሎኝ የሳምኩት መጽሐፍ

የታሰርኩት በመጽሐፍ ምክንያት ነው። ማንበብ ግን አልችልም ነበር።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ማለዳ ሁለት ካራቢኔሪ የሚባሉ የጣልያን ፖሊሶችና አራት ባንዳ ጠመንጃ ፍለጋ ቤቴ ገቡ። ጎታውን ገለበጡ፤ የአልጋዬን ጠፍር በሳንጃ ቀደዱ። ጠመንጃ አላገኙም። ከራስጌዬ በላይ ግን በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለ መጽሐፍ ነበር። አንዱ ካራቢኔሪ አወረደና ገልጦ ሲያየው ደነገጠ። ጓደኛውን ጠራው፤ ሁለቱም በጽሑፉ ላይ አቀረቀሩ። መትረየስ ቢያገኙ እንኳ እንደዚያ የሚሆኑ አይመስለኝም።

መጽሐፉ የታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን ዲማ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው። እሱን አዲስ አበባ ልከው እንግሊዝኛ አስተማሩት፤ እኔን ዳሩኝ። ባሌ ማይጨው ሄዶ አልተመለሰም፤ ልጅ አልነበረንም። ፈረንጅኛ የተማረ ወጣት ሁሉ ሲታደን ወንድሜ ዓባይን በእግሩ ተሻግሮ እኔ ዘንድ መጣ። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከቆሎ ተማሪዎች መካከል ሊደበቅ ወደ ዲማ ሄደ። ሲወጣ መጽሐፉን ሰጠኝና፣

«እህትዓለም፣ ይህን ጠብቂልኝ። የትልቅ ሰው ታሪክ ነው» አለኝ።

በኛ ቤት ሕይወቱ በመጽሐፍ የተጻፈለት ሰው ጻድቅ ነው። ሌላ ዓይነት መጽሐፍ መኖሩን አላውቅም። ከፊቱ ገጽ ላይ ጉንጩን ፂም የሸፈነው፣ ግንባሩ ሰፊ የሆነ ሰው ሥዕል አለበት። በባሕር ማዶ የተጋደለ አንድ ቅዱስ ነው ብዬ ማኅደር አሰፋሁለት፤ ጧትና ማታ እስመው ነበር። ራሴን ሲያመኝ ግንባሬ ላይ አኖረዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለማሳቅ አይደለም። የማውቀው ይህን ያህል ነበር።

እስር ቤት ያደረጉት የድሮ የእህል ማከማቻ ነው። የገባሁበት ክፍል በቁመት ስድስት እርምጃ፣ በጎን አራት ነው። ለክቼዋለሁ። ግድግዳው የገብስ እብቅ ይሸታል፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች የጡብ ስንጥቅ ነው። አንዲት የጨው ነጋዴ ሴት ቀድማኝ ገብታለች፤ እስላም ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች።

«በምን ገባሽ እቴ?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«በመጽሐፍ።»

«ምን ተብሎ የተጻፈ?»

«አላውቅም።»

ሳቀች። «እኔ ለሽፍታ ጨው ሸጠሻል ተብዬ ነው። እኔ እንኳ ጨው መሆኑን አውቄ ነው የሸጥኩት።»

በሦስተኛው ቀን ባሏ መጥቶ አስፈታት። ስትወጣ ነጠላዋን ጣለችልኝ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ጠባቂው ጧት በሩን ከፍቶ ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ ብስኩትና ውሃ በእግሩ ገፋ ያደርግልኛል፤ ቃል አይናገርም። በሰባተኛው ቀን ገደማ የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ስሜን ጠራሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አልደገምኩትም። አለመጠራቱ ይሻል ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ አዛዥ ወደሆነው ጣልያናዊ ሻምበል ቢሮ ወሰዱኝ። ሻምበሉ ቀጭን ነው፤ ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል። አነጋገሩ የሰሜን ሰው ነው፤ ዕድሜው ከኔ አይበልጥም፤ በሚሲዮን እንግሊዝኛ የተማረ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ጫማው ተወልውሏል፤ የኮቱ ክርን ግን ተጥፏል። መጽሐፉን በእጁ ይዟል።

«ይህ ሰው ማን ነው? ይላሉ» አለኝ ሥዕሉን እያሳየ።

«ጻድቅ ነው።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ፤ ተረጎመ። ሻምበሉ አልዋጠም።

«ጻድቅ አይደለም፤ ከእንግሊዝ መኳንንት አንዱ ነው። እንግሊዝ መጽሐፍ የሚሰጠው ለሰላዩ ነው። የማን ነው? ይላሉ።»

ሻምበሉ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በጣቱ መታ መታ አደረገ። በገጹ ራስ ላይ በእጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ፊደሉ የኛ ነው። ማንበብ ባልችልም ወንድሜ ባለው መጽሐፍ ሁሉ ላይ ስሙን እንደሚጽፍ አውቅ ነበር። አስተርጓሚው መስመሩን አነበበ። እኔን አላየኝም። ለሻምበሉ በጣልያንኛ አንድ ነገር አለው፤ ሻምበሉ ትከሻውን ነቅንቆ ገጹን ገለበጠ። ምን ብሎት ነው? ወደ ክፍሌ ስመለስ የማስበው ይህንኑ ነበር። የወንድሜን ስም ነግሮት ከሆነ ነገ ዲማ ይከበባል።

ሻምበሉ አንድ ዘዴ ዘየደ። የምስጢር መልእክቱ በመጽሐፉ ውስጥ ተደብቋል ብሎ አምኗል። ስለዚህ አስተርጓሚው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኛል፤ ሻምበሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፊቴን ይጠብቃል። ፊቴ የተለወጠበት ቦታ ላይ ምስጢሩ አለ ማለት ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ባለቤቱን እናገራለሁ፤ አለዚያ ወደ ባሕር ማዶ፣ ወደ ደሴት እስር ቤት እላካለሁ።

እንዲህ ሆኖ የዚያን የእንግሊዝ ጌታ ሕይወት ሰማሁ። የተወለደው ከብዙ ምድር ጋር ነው፤ አባቱም አያቱም ጌቶች ናቸው። በወጣትነቱ ምክር ቤት ገባ፤ ሲናገር የሚቋቋመው አልነበረም። ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ሕግ ያቀረበው እሱ ነው። ለዚህም ካሣ ተከፈለ ብሎ ሲያነብ አላስቻለኝም።

«ካሣው የተከፈለው ለባሮቹ ነው?»

አስተርጓሚው ገጹን ተመልሶ አየ። «አይደለም። ለጌቶቻቸው ነው።»

«ለጌቶቹ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሻምበሉ ምን አለች ብሎ ጠየቀ፤ ሲነገረው ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ፈረስ ማሽቀዳደም ይወድ ነበር። የፈረሶቹ ነገር ሁለት ቀን ፈጀ።

«ጉግስ ነው?» አልኩ።

«አይ፣ ማንም ማንንም አይወጋም። ሩጫ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ቁጭ ብሎ ምኑን ያየዋል?»

ሻምበሉ አዛጋ። አስተርጓሚው መጽሐፉን ወደ ፊቱ አስጠጋ፤ ይመስለኛል ሳቀ።

ከአባቴ የጉባኤ ቤት ግድግዳ ውጭ ሆኜ እየፈተልኩ ያደግሁ ነኝ። ተማሪዎቹ ሲቀጽሉ፣ አባቴ ሲያርሟቸው፣ ሁሉን እሰማለሁ። ፊደል አላስተማሩኝም፤ ጆሮዬ ግን ተምሯል። የተነበበልኝን ሁሉ ክፍሌ ገብቼ በቃሌ እወጣው ነበር፤ አንድ ቃል ከጎደለኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም፤ ሌላ የማነጋግረውም። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ እስኪደርስ እናፍቅ ነበር። የሰው ድምፅ የማገኝበት ሰዓት ስለነበር ነው። የሚጠይቀኝን ሰው ቢሮ የምናፍቅ ሴት ሆንኩ፤ አፍሬበታለሁ፤ አሁንም አፍርበታለሁ።

አስተርጓሚውም ብቸኛ ነበር መሰለኝ። ጣልያኖቹ ከሱ ጋር አይበሉም፤ ከየአገሩ የሚመጣውን የጠቋሚ ወሬ ሁሉ ለሻምበሉ የሚተረጉም እሱ ስለሆነ የከተማው ሰው ሰላም አይለውም። ጌታው በሽምግልናው ከጥንት ግሪክ ቋንቋ ረጅም የጦርነት ግጥም ወደ አገሩ ቋንቋ መለሰ የሚለው ጋ ሲደርስ ቆም አለና፣ «እሱም አስተርጓሚ ነበር ማለት ነው» አለ ድምፁን ሳይቀይር። ይህ ከመጽሐፉ አይደለም። ያን ዕለት ሊያነብ ያልተጻፈ ነገር ማስገባት እንደሚችል አወቅኩ።

በማግሥቱ ጌታው ለሁለተኛ ጊዜ ዋና ሚኒስትር ሆኖ በአጭር ጊዜ ከሥልጣን የወረደበትን አነበበ። አነባበቡ እንደወትሮው ነው፤ ዓይኑም ከገጹ አልተነሣም።

«ጌታውም ማኅተሙን መልሶ ወደ ርስቱ ሄደ። ታናሽ ወንድሙም ደበሎውን እንደለበሰ በረሃውን አቋርጦ ከድንበር ወዲያ በደኅና ገባ። ስሙንም ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምርቃት ነው ብሎ አልፎታል። በምክር ቤቱም ተቃዋሚዎቹ ደስ አላቸው…»

እንግሊዝ አገር ደበሎ የለም።

ሻምበሉ ከፊቴ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ ያየኛል። እጄ በነጠላው ሥር ነበር፤ አውራ ጣቴን በጥፍሬ ወጋሁት። ማልቀስ እፈልግ ነበር፤ መሳቅም። ዓይኔን ከሻምበሉ ኮት ሦስተኛ ቁልፍ ላይ ተከልኩና የገብስ እብቁን ሽታ አሰብኩ። ሻምበሉ እርሳሱን አነሣ፤ ቆየ፤ መልሶ አስቀመጠው።

መጽሐፉ ያለቀው ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው። ጌታው ለሦስተኛ ጊዜ ዋና ሚኒስትር ሆኗል፤ አርጅቷል፤ እግሩን ሪህ ይዞታል። አስተርጓሚው እያነበበ ሳለ ድንገት ቆመ። ሻምበሉ ቀጥል አለው።

«በዚያም ዘመን» አለ፣ «በሐበሻ ንጉሥ የታሰሩትን እንግሊዞች ለማስፈታት ጦር ወደ መቅደላ እንዲሄድ የጌታው መንግሥት ወሰነ።»

ይህን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያውቀዋል። አባቴ ስለ መቅደላ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ንጉሡን ይወዱ ስለነበር አይደለም፤ በተጫኑት መጻሕፍት ምክንያት ነው። ዝሆንና በቅሎ የብራና መጻሕፍት ጭነው ወረዱ ይላሉ። እኔ ደግሞ ጧትና ማታ የሳምኩት ይህን ሰው ነው።

ሻምበሉ ደስ አለው። ወንበሩን አስጠጋ። እሱ ሲናገር አስተርጓሚው ተረጎመ።

«ይኸውልሽ ጻድቅሽ፣ ይላሉ። አገርሽን የወጋው ነው። በሥዕሉ ላይ ትፊበት፤ መጽሐፉን የሰጠሽን ሰው ስም ንገሪን፤ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ይላሉ።»

ከራሱ ምንም አልጨመረም። የወንድሜን ስም ብናገር ወንድሜን የሚጎዳው ነገር የለም፤ ከድንበር ወዲያ ነው። ቤቴ እገባለሁ። ነገር ግን ያ ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፤ መጽሐፉን የያዘው እጅ ደግሞ የአስተርጓሚው ነው። ስሙን ካወጣሁት ሻምበሉ ሌላ ፊደል አንባቢ ጠርቶ ያስነብባል። አስተርጓሚው በዚያው ቀን ይረሸናል። እሱም ይህን ያውቃል። አልለመነኝም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

«አልተፋም» አልኩ። «ያደረገውን አድርጓል፤ እኔም አልስመውም። መጽሐፉ ግን የኔ ነው።»

«ማንበብ የማትችይ ሴት በምን የእንግሊዝ መጽሐፍ ይኖርሻል? ይላሉ።»

«በአገራችን ሰው መጽሐፍ የሚኖረው ማንበብ ስለቻለ አይደለም። የኔ መሆኑን ግን ላሳይዎ።»

ተነሣሁ። አባቴ ፊት እንደሚቆሙት ተማሪዎች ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፦ ርስቱን፣ አባቱን፣ ምክር ቤቱን፣ የባሮቹን ሕግ፣ ለጌቶቹ የተከፈለውን ካሣ፣ ፈረሶቹን አንድ በአንድ ከነቀለማቸው። ሻምበሉ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ፣ ትክክል ነው ወይ? ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀ። አስተርጓሚው ገጹን እየገለጠ በጣቱ ይከተለኝ ጀመር። ለሁለተኛ ጊዜ ከሥልጣን ወርዶ ማኅተሙን የመለሰበት ጋ ስደርስ፣ «ወደ ርስቱ ሄደ፤ በምክር ቤቱም ተቃዋሚዎቹ ደስ አላቸው» ብዬ አለፍኩ። በሕይወቴ አውቄ የዘለልኩት መስመር እሱ ብቻ ነው። ጣቱ ሳይቆም አለፈ።

መቅደላንም አልተውኩም። በተነበበልኝ ልክ አልኩት።

ስጨርስ ጸሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳ መሬት ላይ ነበረች። ሻምበሉ ጣቱን በግንባሩ ዙሪያ አሽከረከረ፤ እብድ ናት ማለቱ ነው። መዝገቤን ዘጋ። መጽሐፉን ወሰደው። እኔን ወደ ክፍሌ መለሱኝ፤ ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳያናግረኝ ክረምቱን እዚያው አሳለፍኩ። ክፍሉ ለሌላ ሰው ሲፈለግ ለቀቁኝ። ደሴት አልላኩኝም። አስተርጓሚውን ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም።

ጠላት ሲወጣ ወንድሜ ከሱዳን ተመለሰ፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቆይቶ እንግሊዝኛም ሞከርኩ። አዲስ አበባ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ጌታ ታሪክ የሚናገር ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አገኘሁ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ወር አነበብኩት። መቅደላ አንድ ገጽ ተኩል ናት።

ነፃ በወጣን በመጀመሪያው ወር አስተርጓሚውን ልፈልግ ወደ አዲሱ አስተዳደር ቢሮ ሄጄ ነበር። ልመሰክርለት ነው።

«የጣልያን አስተርጓሚ ፈላጊ ነሽ?» አለኝ ጸሐፊው። «ባንዳ ዘመድሽ ነው እንዴ?»

«ዘመዴ አይደለም።»

«ስሙ ማን ነው ታዲያ?»

መልኩንና የተጣፈ ኮቱን ነገርኩት። እዚያ ከነበሩት ሰዎች አንዱ፣ ወደ ደጀን ሲሸሽ መንገድ ላይ ተገደለ አለኝ፤ ሌላው አስመራ ገብቷል አለኝ። ሁለቱም ስለየትኛው አስተርጓሚ እንደሚናገሩ እርግጠኛ አልነበሩም።

በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አላነሣሁም። የሌሎቹን የተውኩት አውቄ ነው። የሱን ግን ያልጻፍኩት ስለማላውቀው ነው። ያን ሁሉ ቀን ፊት ለፊት ሆነን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።