እናቴ ላፕቶፑን ያቀዘቀዘችበት ጆንያ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከገበያ ስመለስ ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ዞር ዞር ብዬ ስፈልገው በሩ ጥግ፣ ከውሃው ጀሪካን አጠገብ መሬት ላይ አገኘሁት። እንደ ጀሪካኑ ሁሉ እርጥብ የቃጫ ጆንያ ተጠቅልሎበታል።

"ሲያለከልክ ደረስኩበት" አለች እናቴ ከጓዳ ሳትወጣ። "ሆዱን ብነካው ይፋጃል። አቀዝቅዤ አስተኛሁት።"

በከተማችን በከሚሴ ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚህ መንገድ ነው። ጀሪካኑ እርጥብ ጆንያ ይለብስና ነፋስ የሚያገኘው ጥግ ይቀመጣል፤ ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ይረጭበታል። ፍሪጅ ያላቸው ሰዎች እንኳ መብራት ሲጠፋ ወደ ጆንያቸው ይመለሳሉ። እናቴ በጆንያ ቀዝቅዞ የተበላሸ ነገር አይታ አታውቅም።

ጥፋቱ ከኔ ይጀምራል ብል ይቀላል፤ ፋይል እንዲገለብጥ ብዬ ከፍቼው ነበር የሄድኩት። ማራገቢያው በሙቀት ጊዜ ይጮኻል። ጆንያውን ስፈታው ውሃው በቁልፎቹ መካከል ገብቷል። አደረቅኩት፤ ገልብጬ አሳደርኩት። እሁድ ጠዋት ማብሪያውን ስጫነው ምንም አላለም።

እናቴ አዘነች። ያዘነችው ግን በሌላ ምክንያት ነበር።

"በጊዜ አልደረስኩለትም" አለች። "ሙቀቱ ቀድሞኛል።"

አላረምኳትም። ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ላፕቶፑን ከዩኒቨርሲቲ ይዤው ከመጣሁ ጀምሮም ነክታው አታውቅም። ጠረጴዛውን ስትወለውል ዙሪያውን ብቻ ትወለውላለች። ዐረብ አገር የምትሠራው እህቴ የልጆቿን ፎቶ በኢንተርኔት ትልክልናለች። እናቴ ፎቶዎቹን ለማየት እኔ ከቢሮ እስክመለስ መጠበቅ አለባት። እኔ በሌለሁበት ራሷ እንድትከፍተው ላስተምራት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እጄ ከባድ ነው፣ ያበላሸዋል።" ያን ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ ነካችው። የሞተው በእጇ መሆኑን ካወቀች ሁለተኛ እንደማትነካው አውቃለሁ። ስለዚህ ሐሳቤ ሁለት ነገር ነበር፤ ላፕቶፑ እንዲድንና እናቴ እንዳታውቅ።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ከቢሮ በምሳ ሰዓት ወጥቼ ብቻዬን ወሰድኩለት። ፈታው፣ በእጅ ባትሪ አየው።

"ውሃ ጠጥቷል። ምን ነክቶት ነው?"

"እንጃ" አልኩ። 

ማዘርቦርዱ መቀየር እንዳለበት ነገረኝ። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። የጻፍኳቸውና ያስቀመጥኳቸው ነገሮች ግን ሌላ ቦታ ስላሉ አይነኩም። ሰሌዳው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይመጣል፤ ሲመጣ ይደውልልኛል። "ስገጥመው ቁጭ ብለሽ ታያለሽ" አለኝ። በእኛ ከተማ ዕቃ ባለቤቱ ሳያይ አይፈታም፤ ሳያይ ተፈትቶ የተገጠመ ነገር ዕድሜ ልኩን ይጠረጠራል። የወጣው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሲደውልልኝ ለእናቴ ልነግራት አላሰብኩም ነበር። በስልክ ሳወራ ሰምታኝ ነጠላዋን አነሳች።

"ወንድ በሞላበት ሱቅ ብቻሽን አትቀመጪም።"

በመንገዱ ሁሉ ለጠጋኙ የምለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳዘጋጅ ነበር። ከእናቴ ቀድሜ ገብቼ ስለ ውሃው እንዳያነሳ ልነግረው አሰብኩ። ስንደርስ ግን እናቴ ቀደመች።

"አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ?" አለች ለሁሉም።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች በኦሮምኛም በአማርኛም መለሱላትና ቦታ ለቀቁልን። ከጎኗ የተቀመጠው የሰንበቴ ገበያ የፍየል ነጋዴ ነው፤ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ሰጥቶ ይጠብቃል። እኔ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጠጋኙ ላፕቶፑን ገልብጦ ባትሪውን አወጣ። ብሎኖቹን እየፈታ በለስላሳ መጠጥ ቆርኪዎች ውስጥ ለየብቻ አስቀመጣቸው። የቁልፍ ሰሌዳውን አነሳ፣ ጥብጣብ የመሰሉትን ገመዶች አላቀቀ፣ ማራገቢያውን አወጣ። በመጨረሻ አሮጌውን ማዘርቦርድ መዝዞ ለሁላችንም እንዲታይ ወደ ብርሃኑ ያዘው። አንዱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበረበት።

"እማማ፣ ይኸውልዎ። ያን ዕለት እንዳልኩት..."

ስልኬን ቶሎ አውጥቼ ጻፍኩ፤ "እባክዎ ስለ ውሃው አያንሱ። ያስነካችው እናቴ ናት፣ አታውቅም።" ተነስቼ ስልኩን ፊቱ አደረግኩት። አነበበ። እናቴን አየ።

"እንዳልኩት ምን?" አለች እናቴ።

"ሙቀት ነው" አለ። "የጨፋ ሜዳ ሙቀት መቼ ይቻላል?"

እናቴ አግዳሚውን በመዳፏ መታች።

"ምን አልኩ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያወቅኩት? ጆንያ አርጥቤ ባላለብሰው ኖሮ ቤታችንን ያቃጥለው ነበር!"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጠጋኙም አላሰበውም። ሁለታችንም ወደ ሰሌዳው አቀረቀርን።

አዲሱን ማዘርቦርድ ከካርቶኑ አወጣ። መሃሉ ላይ ካለው ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ላይ ነጭ ቅባት አደረገበት።

"ይሄስ ምንድነው የምትቀባው?"

"ሙቀት የሚወስድለት ነው፣ እማማ።"

"አያችሁ!" አለች እናቴ ለአግዳሚው።

ነጋዴው ተመቻችቶ ተቀመጠ። "የኔም ስልክ ደረት ኪሴ ውስጥ ፍም ሆኖ ነው የሚውል። ሰንበቴ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስደውልበት ጆሮዬን ይጠብሰኛል።"

"እርጥብ ጨርቅ አድርግበታ!" አለችው።

"ኧረ እንዳታደርግ!" አለ ጠጋኙ ከአቀረቀረበት ቀና ብሎ።

"ለምን?"

ጠጋኙ አየኝ። እኔ ቆርኪዎቹን አየሁ።

"ያንተ... ዓይነቱ ሌላ ነው።"

"አዬ!" አለ ነጋዴው። "ሙቀትም ዘመድ ይመርጣል እንዴ?"

አግዳሚው ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ጠጋኙ ሥራውን አፈጠነ። ገመዶቹን ሰካ፣ ማራገቢያውን መለሰ፣ ብሎኖቹን ከየቆርኪያቸው አነሳ። አንድም አልተረፈም። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ተነፈሰ፤ ስክሪኑ በራ፤ የእህቴ ልጆች ፎቶ እንደነበረ ብቅ አለ።

"አልሃምዱሊላህ" አለ አግዳሚው በሙሉ።

እናቴ ጠጋኙን ቆማ መረቀችው። አሮጌውን ማዘርቦርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ይሄ ሰሌዳ ሁለተኛ ጆንያ አይችልም" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ማመስገን እንዳለብኝ ያስታወስኩት ሱቁን ካለፍን በኋላ ነው። በባጃጅ ስንመለስ እናቴ ለላፕቶፑ የራሱን ጆንያ እንደምትሰፋለት ነገረችኝ፤ የጀሪካኑ ወፍራም ነው፣ ይከብደዋል አለች።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ሰፍታዋለች። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሳትተኛ የተሠራ ሥራ ነበር። ልኩ ትክክል ነው፤ አፉ ላይ ማሰሪያ ገመድ አለው። ባልዲ ውስጥ ነክራው ውሃው እስኪንጠፈጠፍ በእጇ ይዛ ቆማለች።

በቃል ከመንገር ማሳየቱ ይቀል ነበር። ጋዜጣውን ፈትቼ አሮጌውን ማዘርቦርድ በሩ ጥግ ብርሃን ላይ፣ ከጀሪካኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጎንበስ ብላ አየችው። ዝናብ የመታው ማጭድም፣ ውሃ ያደረበት ማንቆርቆሪያም ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

"ይሄ ዝገት ነው" አለች።

"አዎ።"

"ሙቀት ያዝጋል እንዴ?"

 በእጇ የያዘችው ጆንያ እግሯ ሥር ይንጠባጠባል። ወደ እሱ ተመለከተች።

"ቢሻን" አለች። ለራሷ ስትናገር በኦሮምኛ ነው፤ ውሃ ማለቷ ነበር።

ወደ እኔ ዞራ "ታዲያ ያ ልጅ ሙቀት ነው ያለው?" አለች።

"እኔ ነኝ የለመንኩት።"

"ለምን?"

"ሁለተኛ አትነኪውም ብዬ።"

"አልነካውማ!" አለች። አዲሱን ጆንያ ጨመቀችው። ለጀሪካኑ ጠበበው፤ ለማንኛውም ብላ አንገቱ ላይ አሰረችው።

ቢሮ መሄጃዬ ደርሶ ነበር። ላፕቶፑን መስኮቱ አጠገብ አደረግኩትና ሆዱ ነፋስ እንዲያገኝ ከአራቱ ማዕዘን በታች ቆርኪ አስገባሁ። የጥፍር ቀለም አምጥቼ ማብሪያው ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ ከፍቼ የእህቴን ልጆች ፎቶ አወጣሁ።

"ሲያለከልክ" አልኳት፣ "እጅሽን አድርቀሽ ቀዩን አንድ ጊዜ ተጫኚው። ይተኛል።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ፎቶውን አየች እንጂ ቀዩን አልነካችም።

"ካለከለከ ብቻ ነው የምነካው" አለች።

"እሺ።"

ላፕቶፑን እንደበራ ትቼው ወደ ቢሮ ሄድኩ።