በእርሳስ የተጻፈው በዓል

ልጅ ሳለሁ ሚዛን ተፈሪ ላይ መብራት የሚጠፋው ለእኔ ተብሎ ይመስለኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ድርግም ሲል፣ ግቢያችን በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉት የጅማው ሰው አባ ዲኮ ክሩ ስለማይታያቸው መኪናቸውን ያቆማሉ፤ ከዚያ የከሰል ካውያቸውን ክዳን ከፍተው ፍሙን እፍ እፍ ይሉና ተረት ይጀምራሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔና የልጅ ልጃቸው ራሂማ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን እንሰማለን።

ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርን። መምህራችን የዓመቱን በዓላት ጽፌ ግድግዳ ላይ እንድለጥፍ ሲያዙኝ ደረቴ ተነፋ። እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን በእስክሪብቶ ደረደርኩ። ፋሲካ ቀኑ ቢለዋወጥም ቤተ ክርስቲያን በሒሳብ አስቀድማ ታውቀዋለች፤ እሱንም ጻፍኩ። የሙስሊሙ በዓላት ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደሙ ይመጣሉ፤ ኢድማ ዋዜማው ላይ ጨረቃ ካልታየች ቀኑ አይቆረጥም። ስለዚህ ተውኳቸው።

ራሂማ ወረቀቱን አይታ፣ «የእኛስ?» አለች።

«ቀኑ አይታወቅማ! የማላውቀውን ልጻፍ?»

«ለኢድ ጣፋጩን ሙሸበክ ልትበዪ ስትመጪ ግን ቀኑ አይጠፋሽም!»

ከዚያ በኋላ ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሲጠፋ እሷ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ እኔ ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ጋቢውን ማንም አልነካውም። ጓደኛዬን ያጣኋት መሰለኝ። አባ ዲኮ በፍሙ ብርሃን ወዲህም ወዲያም አዩንና ጀመሩ።

ፀሐይና ጨረቃ አንዲት ሴትዮ ቤት እንግድነት ሊሄዱ ቃል ገቡ አሉ። ፀሐይ ሰዓቷን ተናግራ በሰዓቷ ደረሰች። ጨረቃ ግን «ስመጣ ታዪኛለሽ» ብቻ አለች። ሴትዮዋ ለፀሐይ ወንበር አወጣች፤ ለጨረቃ በሯን ሳትዘጋ ቆየች።

«እስቲ የትኛዋን አብልጣ አከበረች?»

«ፀሐይን! ወንበር ተሰጥቷታላ!» አልኩ ፈጥኜ።

አባ ዲኮ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ወንበርማ ማንም ያወጣል። ክብሩ በር ከፍቶ መጠበቅ ነው እንጂ፤ ብርዱም ይገባል፣ ውሻውም ይገባል!»

ራሂማ ልትስቅ ስትል አፏን ያዘች። እኔ ግን ፊቴ እንደ ፍሙ ጋለ።

በማግስቱ ኢድን፣ አረፋንና መውሊድን በእርሳስ ጻፍኩ፤ አጠገባቸውም «ጨረቃ ስትታይ» የሚል ጨመርኩ። ልጆቹ «ሳትጨርሺ ለጠፍሽው?» ብለው አላገጡብኝ። ራሂማ ግን ደብተሯን ይዛ ወደ ጎኔ ተመለሰች።

የዚያ ዓመት ረመዳን ሲያልቅ የሚዛን ሰማይ በደመና ተደፍኖ ዋለ። ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን ጣለ። ዜናው እንደተነገረ ራሂማ ፀጉሯ ግማሹ ተፈትቶ፣ ግማሹ እንደተጎነጎነ በራችንን በረገደችው። «ታየች! ነገ ነው! ከእናቴ ቀጥሎ የሰማሽው አንቺ ነሽ!» እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች እልል አለች።

ዛሬ የበዓላትን ነገር ባገኘሁት ሁሉ እያነበብኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳለሁ። ከሁሉ የሚያኮራኝ ግን የኢድ ዋዜማ ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ፣ ከቴፒ ቡና የጫነው ሹፌር፣ ነገ ሥራ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ያመሻል፤ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን «ታየች ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ማኅተምና ደብዳቤ ያለው መንግሥት እንኳ ለአንዲት ቀጭን ጨረቃ ቆሞ ሲጠብቅ ሳይ፣ «ይህ ነው አገሬ!» እላለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።