ረቡዕ ብቻ የሚጠራው ወንዝ

እስቲ ድልድዩ መሐል ላይ ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ። የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጠርሙስ ይዛ ውሃው ውስጥ ያጎነበሰችውን ሴትዮ አያችኋት? የሳይንስ ፋኩልቲው ዲን ናት። ዲንነት ወንበርና ማኅተም ብቻ ለሚመስላችሁ፣ ይኸውላችሁ!

ተማሪዎቿ «ወይዘሮ ጠርሙስ» ይሏታል። ጠርሙሱን በዚያው በወንዙ ውሃ ሦስቴ ሳታለቀልቅ ናሙና አትቀዳም። ከረዳት መምህርነት ተነስታ ዲን እስክትሆን ይህ አመሏ አልለቀቃትም። የከተማው ምክር ቤት ስለ ውሃ ደንብ ሲያወጣ የሚጠራው እሷን ነው፤ የምትጽፈው ሪፖርትም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ይል ነበር፦ ወንዙ ንጹሕ ነው።

ንጹሕ! ታች ሰፈር ያሉ ልጆች እጃቸውን እያከኩ ያድጋሉ፤ ወረቀቱ ግን ንጹሕ ይላል።

አንድ ረቡዕ፣ ከወንዙ ዳር ሰላጣ የሚያለሙ አሮጊት ውሃ ማጠጫቸውን አስቀምጠው ጠሯት።

«ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታገኚ መጣሽ? ረቡዕ እኮ ወንዙ ሙሽራ ነው።»

«እንዴት ማለትዎ ነው እማማ?»

«ሐሙስ ነይና እዪው። ሐሙስ ሰማያዊ ነው፣ ዓርብ ቀይ። መኪናሽ ስትመጣ የማቅለሚያ ፋብሪካው ቧንቧ ይዘጋል፤ ስትሄጂ ይከፈታል። ለዚህ ዓይን እንጂ ዲግሪ አያስፈልገውም።»

ነገሩ ወዲያው ገባት። የቤተ ሙከራው መኪና ነጻ የሚሆነው ረቡዕ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን አስተዳደሩ ይይዘዋል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ናሙናው የተቀዳው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ይህን የፋብሪካው ዘበኛ እንኳ ያውቃል።

ሐሙስ በታክሲ መጣች። ውሃው ሰማያዊ ነበር።

ምክር ቤቱ በዚያው ወር በእሷ ሪፖርት ተማምኖ ፋብሪካውን ከማጣሪያ ግዴታ ነጻ ሊያደርገው ነው። ዝም ካለች የታች ሰፈር ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ያክካሉ። ከተናገረች ስሟ ይበላሻል፤ የዲንነት ዘመኗም ሊያበቃ ነው፤ ይራዘም አይራዘም ድምፅ የሚሰጠውም በዚያው ወር ነው።

«ሌላ ሰው ያውጣው» አላት ባሏ፣ ሳህን እያጠበ። «በገዛ እጅሽ ስምሽን ታጠፊያለሽ?»

«በገዛ እጄ አይደል የፈረምኩት?»

ምክር ቤቱ ፊት ቆማ አሥራ አንዱን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ከመረችው።

«እነዚህን አትመኑ» አለች። «ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ቀኑ ነው ስህተቱ። ጥፋቱም የኔ ነው።»

«ዶክተር፣ አሥራ አንድ ዓመት ረቡዕ ብቻ?» አሉ ሰብሳቢው።

«መኪናው የሚገኘው ረቡዕ ነው።»

አንዱ ሳቀ። እሷ ግን የሳምንቱን ሰባት ቀን ውሃ የያዙ ሰባት ጠርሙሶች ደረደረች። የረቡዑ ጠርሙስ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ የሌሎቹን መልክ ባልነግራችሁ ይሻላል። ሰብሳቢው ትንሽ አፈጠጡና የራሳቸውን የውሃ ብርጭቆ ከጠርሙሶቹ ፈቀቅ አደረጉ። የዚያን ቀን ክርክር ያን ጊዜ አለቀ።

ፋብሪካው ማጣሪያ ተከለ። የናሙናው ቀንም በዕጣ እንዲሆን ተደነገገ። በዲንነቱ ምርጫ «ጥንቃቄ የጎደላት» ያሏት አልጠፉም፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈች። ቀለሙ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ፋብሪካ ነዋ! የልጆቹ እጅ ግን እየዳነ ነው።

አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት አሮጊቷ ከጣሳ ውስጥ ከሰባት ብጥስጣሽ ወረቀት አንዱን ያወጣሉ። ቀኑን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

«ቅዳሜ ወጣልሽ» ይሏታል እየሳቁ፤ «ባልሽን ይቅርታ በዪልኝ።» ታክሲ ተሳፍራ ትመጣለች፤ ሦስቴ አለቅልቃ ትቀዳለች፤ እያፏጨች ትመለሳለች።

እሷስ ስህተቷን አመነች። እኛስ? አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ድልድይ ስንመላለስ ሰማያዊ ውሃ አይተናል። ከአንዲት ሰላጣ አልሚ በቀር «ሴትዮ፣ ነገ ነይ» ያላት ማን አለ? ማንም!

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከድልድዩ ሳትወርዱ የውሃውን መልክ እዩ። ቀለም ካለው ቀኑንና ሰዓቱን መደገፊያው ብረት ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ጻፉላት። እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፤ እሱን ደግሞ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።