የዳቦ ማሽኑና የትርንጎ አርባ ደቂቃ

ትርንጎን የማውቃት በዳቦ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ውስጥ እሷ ጋሼ ኢዮስያስ ቤት፣ እኔ ዘነቡ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ማዳም ኢማን ቤት፣ እየሠራን እዚያው የምናድር ሰዎች ነን። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ በሮች ይከፈታሉ፤ ዘንቢላችንን ይዘን ዳቦ ልንገዛ እንወጣለን። ሱሪያ የምትባለው ዳቦ ሻጭ ያለችው አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። እኛ የምንመለሰው ግን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። «ዳቦው ገና አልደረሰም ነበር» እንላለን። በእኛ አፍ አራት ዓመት ሙሉ በጅቡቲ ከተማ ዳቦ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። አሠሪዎቻችንም አራት ዓመት ሙሉ አምነውናል።

በዚያ አርባ ደቂቃ የምንሠራው ቁም ነገር የለም። ባሕሩ ዳር ካለች አንዲት ዝቅተኛ ግንብ ላይ እንቀመጥና ትኩሱን ዳቦ እየቆረስን አሠሪዎቻችንን እናማለን። ትርንጎ እቤት ውስጥ «አቤት» እና «እሺ» ከማለት በቀር ድምጿ አይሰማም። ግንቡ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። የጋሼ ኢዮስያስን አነጋገር፣ የሚስታቸውን የእትዬ ዙፋንን አካሄድ ቁጭ አድርጋ ታሳያለች። አንድ ቀን በሳቅ ስፈርስ ግማሽ ዳቦ ባሕር ውስጥ ገብቶብኛል። ደሞዟን ወሎ ላሉት እናቷ ትልካለች፣ ጉልበቷ የጋሼ ቤት ነው፣ የራሷ የምትለው ነገር ቢኖር ያቺ አርባ ደቂቃ ነበረች።

ጣጣው የመጣው ራስ ዲካ ከሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ የሚኖር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ፣ እትዬ ዙፋን ሊያዩ ሄደው የቤት ውስጥ የዳቦ ማሽን አይተው መጡ። ዱቄቱንና ውሃውን ከጨመሩበት ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ ጋግሮ፣ ሲጨርስ ይጮሃል። እትዬ ዙፋን ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ጋሼ ኢዮስያስ ግን ትራንዚተር ናቸው። ዕድሜያቸውን የሰው ዕቃ ከወደብ ሲያስወጡ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ ሦስት ወረቀት ያልተያያዘበትን ነገር አያምኑም። «ሳይጠና እቤቴ አይገባም» አሉና ማሽኑን ለአንድ ሳምንት ሙከራ ተውሰው አመጡ። ሰማያዊ ፋይል ተከፈተለት። የሚወጣውን ዳቦ ሁሉ ይመዝኑታል፣ ቁመቱን በማስመሪያ ይለኩታል። ማቡኪያዋ ብረት ከዳቦው ሥር ቀዳዳ ትታ ትወጣለችና፣ ይህንንም እንደ ወደብ ዕቃ «ከሥር የጎደለ» ብለው መዘገቡት።

የመጀመሪያው ቀን ዳቦ ድንጋይ ሆኖ ወጣ፤ ትርንጎም እንደ ወትሮው ወደ ሱሪያ ተላከች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግንቡ ላይ ተቀምጠን መከርኳት።

«በዚሁ ቀጥዪ። እርሾውን በፈላ ውሃ ግደዪው፣ ጨው እፍኝ ሙሉ ጨምሪበት። በሳምንቱ ማሽኑ ወደ መጣበት ይሄዳል።»

«ዱቄቱ ምን አደረገኝ?» አለች። «ደግሞ በኔ እጅ የተበላሸ ምግብ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ተናደድኩ። የሚታሰርበትን ገመድ አሳምሮ የሚገምድ ሰው ካለ ትርንጎ ናት! ከሰዓት በኋላ ውሃውን ጨመር አድርጋ፣ የፈረንሳይኛውን መመሪያ በሥዕሉ እየገመተች ሠራችው። በማግስቱ ሽታው መንገድ ተሻግሮ እኛ ኩሽና ድረስ መጣ። ትርንጎ ግን አልመጣችም። እኔም ግንቡ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ በላሁ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጋሼ ኢዮስያስ ፋይሉን ይዘው ሳሎን ተቀመጡ። የሆነውን ትርንጎ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ በር ላይ ነገረችኝ። «ጥቅም» ከሚለው ሥር አንደኛው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኛው ውሸት! «ዳቦ እስኪደርስ በየጠዋቱ አርባ ደቂቃ ይባክናል» ይላል። በዓመት ስንት ቀን እንደሚሆን አስልተውታል።

«ላንቺም እኮ እፎይታ ነው፤ በየጠዋቱ እዚያ ሙቀት ውስጥ መገተር!» አሏት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አራት ዓመት ሙሉ ምን ትያለሽ ተብላ አታውቅም። ሠራተኛ ሲጠየቅ «እርስዎ እንዳሉ» ይላል፤ ወጉ ይኸው ነው። እሷ ግን መለሰች።

«ጋሼ፣ ዳቦው ሁልጊዜ ቀድሞኝ ነው የሚደርሰው። የምቆየው መቆየት ስለምፈልግ ነው።»

እትዬ ዙፋን ደነገጡ። «ከማን ጋር ነው የምትቆዪው?»

«ከዘነቡ ጋር። ግንብ ላይ እንቀመጣለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንመለሳለን።»

ሌላ ነገር ቢኖር ይሻላቸው ነበር። ወንድ ቢኖር ይቆጧት ነበር፣ ሌብነት ቢሆን ያባርሯት ነበር። መቀመጥ ብቻ ሲሆን የትኛው ዓምድ ውስጥ ይግባ? ጋሼ ኢዮስያስ ብዙ አሰቡ። መጨረሻ ላይ ማሽኑ እንዲገዛ ወሰኑ፤ ለትርንጎም ዓርብ ዓርብ ጠዋት ግማሽ ሰዓት እንድትወጣ ፈቀዱላት። በቸርነታቸው ራሳቸው ተነክተው ቢሮ ውስጥ ለሰው ሁሉ አውርተዋል አሉ። «ሠራተኛም እኮ ሰው ናት» ሲሉ የሰማ አለ።

በዚያው ሰሞን ማዳም ኢማን እነጋሼ ቤት ዳቦውን ቀምሰው መጡ። «ዘነቡ፣ ያ ማሽን እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ዳቦውስ ደህና ነው» አልኩ ዓይኔን ሳላሽ። «ግን መብራት ይበላል፤ ትናንት ከጀርባው ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ።» ማዳም ወሬውን እዚያው ተዉት።

ዓርብ ትርንጎ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ እንደ እንግዳ ግንቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑን እንዴት አድርጌ እንዳጨስኩት ስነግራት እንደ ድሮው ሳቀች። የጋሼን አነጋገር እንድትቀዳልኝ ለመንኳት፤ ጀመረችና መሐል ላይ ትታው ስልኳን አየች።

«ገና አስር ደቂቃ እኮ ነው» አልኳት። «ድሮ አርባ ደቂቃ ስንቀመጥ አንዴ እንኳ ሰዓት አይተሽ አታውቂም።»

«ድሮማ የራሴ ነበር» አለች ቀሚሷን እያራገፈች። «አሁን የሰጡኝ ነው። ልሂድ፣ እንዳይነሱኝ።»