ወራጅ ውኃ ነው፣ ይሄዳል

እኛ ሰፈር ሰማይ ሲጠቁር ሰው ያሰጣውን እህል ያስገባል፤ ከእኔ ቤት በላይ ምግብ ቤት ያለው ጎረቤቴ ደግሞ ከመጸዳጃ ጉድጓዱ ወደ ወንዙ የቀበረውን ቱቦ ይከፍታል። ዝናቡ ይጠርግለታል። ሌሎችም ከእሱ ተምረዋል። ቢነግሯቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ወራጅ ውኃ ነው፣ ይሄዳል።»

ባለፈው ክረምት ልጄ ከከተማችን በታች፣ ወንዙ በሚወርድበት ቁሐር ሚካኤል ወዳሉት ዘመዶቻችን ሩዝ ልታርም ወረደች። በዚያ ወራት ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው፤ ጎርፉ የመጠጥ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ጠማትና ጠጣች። እቤት ስትመለስ ትኩሳት ጣላት። ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ «ታይፎይድ ነው፤ ዓይነ ምድር ከነካው ውኃ የሚመጣ ነው» አሉኝ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድሁት ብቻዬን ነው። ይህን ለመረዳት ግን ትምህርትም አያሻም። ደሜ እንደፈላ ወደ ጎረቤቴ ወጣሁ።

«ልጅቱ እንዴት ዋለች?» አለኝ።

«ታይፎይድ ነው። ቱቦህን ድፈነው።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ፣ አንብበህ አንብበህ ሐኪም ሆንህ? ወራጅ ውኃ እኮ ነው፣ ይሄዳል!»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ምን አውቄ! ጣና ይግባ!»

ፎገራ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ሲል አፈርሁበት። እዚህ ውኃ አይሄድም፤ ይተኛል። ሩዝ የምንዘራውስ ስለሚተኛ አይደለም? ከተማው የጣለው ሁሉ በአራሚዎች እግርና በከብቶች አፍ ሥር ተኝቶ ይከርማል። ቱቦ የሚከፍተው እሱ ብቻ አይደለምና የልጄ ሕመም ከእሱ ቱቦ መጣ ብዬ አልምልም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። ብዙ ሆኖ መበደል ግን ከኃጢአት አያወጣም።

«አልሄደም» አልሁት። «እቤቴ፣ ከልጄ ጋር አልጋ ላይ ተኝቷል።»

ፊቱን አዙሮ ወደ ምግብ ቤቱ ገባ። ቱቦውን አልደፈነም።

ልጄን ትኩሳቱ ለቀቃት። ገና እህል መቅመስ ስትጀምር፣ «አረሙ አላለቀም፣ ልመለስ» አለችኝ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በጣና በኩል ጠቆረ። ወጣሁና የቱቦው መክፈቻ ላይ ትልቅ ድንጋይ አንከባልዬ ተቀመጥሁበት። ጎረቤቴ እየሮጠ መጣ።

«ተነሥ እንጂ ሰውየ! ዝናቡ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ያምልጥህ።»

እሱ ጥላውን ይዞ፣ እኔ ጋቢዬ ርሶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተፋጠጥን። አልተነሣሁም።