ኸይር አይደለም ያልኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ አባቴ ተረት የሚነግረኝ የመጋዙን ጥርስ እየሞረደ ነበር። አናጺ ነው። ቡላ የምንለውን ፈረሳችንን ጋሪው ላይ ጠምዶ፣ ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሮቢት ባሉት መንደሮች በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር ሲጠግን ይውልና፣ ከመግሪብ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብሎ መሣሪያዎቹን ይስላል። የኔ ሥራ ፋኖስ መያዝ ነበር። ኮላ የሚያሞቅበት የከሰል ምድጃ አጠገባችን ሆኖ ፍሙ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፣ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ተረቱም ከሞረዱ ድምፅ ጋር ይሄዳል። ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ሲደርስ ሞረዱን ያቆምና የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ሆን ብሎ እንደሚያደርገው ያኔም አውቅ ነበር፤ ግን «እሺ፣ ከዚያስ?» ሳልል ቀርቼ አላውቅም።

በአባቴ ተረት ውስጥ ንጉሥና ልዕልት የሉም። ሁሉም ስለ በር ነው። የዚያ ሰሞኑ ደግሞ ጅብ አናጺ ነኝ ብሎ አህያ ቤት ሄዶ፣ «በርሽ ላልቷል፣ ልጠግንልሽ» ያለበት ነበር። ጅቡ በሩን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ገና አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ የዒሻ አዛን ተሰማ። አባቴ ፋኖሱን ከእጄ ተቀብሎ «ቀሪው ነገ» አለኝና ለሶላት ተነሣ።

በማግስቱ ለሱብሂ ሲወጣ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሪው የለም፤ ቡላ የለም፤ የመሣሪያው ሳጥን ከነመዶሻው ከነመላጊያው የለም። የአገሩን በር ሁሉ የሚሠራው አባቴ የራሱን ግቢ በር በሽቦ አስሮ ነበር የሚያድረው። እናቴ ለዓመታት በዚህ ስትነዘንዘው ኖራለች፤ ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔን ያስፈራኝ የእሷ ዝምታ ነበር።

አባቴ ለሁለት ሳምንት በየመንደሩ በእግሩ ፈለገ። ሲመሽ ግቢው ውስጥ እዚያው ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ የሚሞርደው ነገር ግን የለውም፤ ተረትም አይነግረኝም። ፋኖሱን አብርቼ አጠገቡ ብቀመጥ «ጋዙን አታባክኚ» አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ለእናቴ፣ እሁድ ሰንበቴ ገበያ የመጨረሻውን ጠይቆ ካጣ፣ ወደ ጅቡቲ መንገድ ወርዶ የጉልበት ሥራ እንደሚፈልግ ሲነግራት ሰማሁ። የሄዱት ሰዎች ስንት ዓመት እንደሚቆዩ አውቃለሁ። አልቅሼ፣ ለምኜ፣ እሁድ ከሱ ጋር ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

አባቴ ሰንበቴ ገበያ ላይ ሁመድ የሚባል አፋር የግመል ነጋዴ ወዳጅ ነበረው፤ ድሮ የግመሉን ኮርቻ እንጨት ጠግኖለት ነው የተዋወቁት። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ከየት መጣህ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው ሳይጨርሱ አይለያዩም፤ የሰማም ሰው ቀጥሎ ለሚያገኘው ሳያጎድል ያደርሳል። አባቴ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የመጣውም ለዚሁ ነበር። ሁመድ ገና ከሩቅ ሲያየን እጁን ዘርግቶ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ ሰይድ? ሰላም ነህ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ኸይር ነው።»

«ቤቱ? ልጆቹ? ከብቱ?»

«ሁሉም ኸይር።»

«ፈረሱስ?»

አባቴ ትንሽ ዘገየ። «ኸይር ነው።»

እኛ አገር ሲጠየቁ መጀመሪያ ኸይር ይባላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የልብ ይወጣል። አባቴ ግን መጀመሪያው ላይ ቀረ። አላህ በሰጠው ላይ ማማረር መሰለው፣ ወይም አፈረ፤ ብቻ ሁመድ «ማሻአላህ» ብሎ ወደ ግመሎቹ ሊዞር ነው። ያኔ የትልልቅ ሰው ወሬ ውስጥ ልጅ አይገባም፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

«ኸይር አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ትከሻዬን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። «ዝም በይ አንቺ!»

ሁመድ ግን በትሩን ተደግፎ ቁጢጥ አለና ዓይን ለዓይን ተያየን። «ተዋት» አለው። «አብሽሪ ልጄ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ፤ ምንም እንዳታስቀሪ።»

ነገርኩት። አባቴ ተረት በሚነግረኝ አኳኋን፣ ከሽቦው ጀምሬ ነገርኩት። ፋኖስ ይዤ ያየሁትን ሁሉ ዘረዘርኩለት፦ ቡላ ግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ሥንጥቅ እንዳለው፣ መዶሻው እጀታው ላይ የእናቴ የአረንጓዴ ሻሽ ቁራጭ እንደተጠመጠመበት፣ የሳጥኑ ክዳን ውስጥ በከሰል የሣልኳት ድመት እንዳለች፣ የትልቁ መጋዝ ሦስት ጥርሶች እንደጎደሉ። «እነሱን ምስማር ላይ የሰበርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ይህን አባቴም ገና መስማቱ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎኑ ተቀምጬ ጥፊዬን እጠብቃለሁ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ሦስቱንም?» አለኝ።

«ሦስቱንም።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር። ጅቡቲን አላነሣም፤ «እስቲ አንድ ሦስት ገበያ እንጠብቅ» ብቻ አለ።

በሦስተኛው እሁድ ገበያው ላይ ሁመድ ቡላን እየሳበ መጣ፤ ሳጥኑ ጀርባው ላይ ታስሯል። አንድ እረኛ ቆላ ውስጥ ከብት ውኃ ሲያጠጣ የተሠነጠቀ ጆሮ አይቶ በዳጉ የሰማው ወሬ ትዝ ብሎታል፤ ገዝቼ ነው ያለው ሰው ጋ ሽማግሌዎች ሄደው፣ ክዳኑን ሲከፍቱ ድመቷን አገኟት። ጋሪው ግን አልተገኘም። አባቴ ጎረቤት ባዋጣው ሳንቃ ሌላ ሠራ፤ መጋዙን በአንድ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ እየሳብን። የግቢውንም በር ሠራ፣ አልሐምዱሊላህ።

በሩ ባለቀበት ምሽት ፋኖሱን ያዝኩለት። ሞረዱን አነሣና፣ ምንም እንዳልተቋረጠ፣ «ጅቡም አንድ እግሩን አስገብቶ ቆሞ ሳለ ጎረቤት ሲያልፍ፣ ‹ምነው ኸይር ነው ወይ?› አለ» ብሎ ጀመረ። «አህያ ይሉኝታ ይዟት፣ ‹ኸይር ነው› አለች።» ሞረዱን አቆመ፤ የመጋዙን ጥርስ ዳሰሰ፤ አየኝ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውርንጭላዋ ጮኸች፤ ጎረቤትም ደረሰ» አለኝ። «ኢንተላ ኮ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠራኝ ፍቅሩ ሲያይልበት ብቻ ነበር። ምስጋናውን የከፈለኝ በዚህ ነው፤ እኔም ከዚያ የበለጠ ፈልጌ አላውቅም።

ዛሬ አባቴ አርጅቷል፤ እኔም ሌላ ከተማ ነኝ። ስደውልለት ድምፁ ደክሞም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ፣ ኸይር ነው» ይለኛል። ወገብህስ፣ ዓይንህስ ብዬ ብጠይቀው ሁሉም ኸይር ነው። እኔም ወንበር ስቤ እቀመጥና፣ «አባ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ ምንም እንዳታስቀር» እለዋለሁ። ከዚያ ይነግረኛል።